ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፦ የዋና ከተማው ዙሪያ መንገዶች ታሪክ

ለገጣፎ የሚኖር አንድ ሰው ሱሉልታ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ ቢነሣ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ ከሃያ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በተሽከርካሪ ለመጓዝ የፈለገ እንደሆነ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የነበረው ዋና መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ይኸውም በኮተቤ በኩል ወደ አዲስ አበባ መግባት፣ ከተማውን ማቋረጥ፣ እንጦጦን መውጣት፣ ከዚያም በስተሰሜን ወደ ሱሉልታ ሜዳ መውረድ ነበር። በቡራዩና በሰበታ መካከል የሚመላለሰውም ሰው ቢሆን ዕጣው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ዘንድ የሚደርሰው በዋና ከተማው በኩል ነበር።

ይህ ሁኔታ የመልክዐ ምድር ውጤት ብቻ ነውን? ወይስ መንገድ የቀየሱት ሰዎች በየዘመኑ የነበራቸው ዓላማ ያስከተለው ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በዋና ከተማው ዙሪያ ያለውን የጥንት የሸዋ ገጠር በአራቱም በሮቹ እየወጡ መጐብኘትና መንገዶቹ መቼ፣ በማን፣ ለምንስ እንደተሠሩ መመርመር ያስፈልጋል። እግረ መንገዱንም ጉብኝቱ ራሱ የሚያስገኘው ዕውቀትና ደስታ አለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ምድሩና ስሙ

የአካባቢው መልክዐ ምድር ገዥ ነጥብ የእንጦጦ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነው ወጨጫ፣ በደቡብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የረር ቆመው ይታያሉ። የእንጦጦ ሸንተረር ለመሐንዲስ ልዩ ትርጉም ያለው ነው፤ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መለያ ነውና። በሸንተረሩ ላይ የወረደ ዝናም በስተሰሜን የወደቀ እንደሆነ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ሙገርን ይቀላቀልና ዐባይ ይገባል፤ በመጨረሻም ከሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። በስተደቡብ የወደቀው ደግሞ በአቃቂ ወንዝ በኩል አዋሽ ገብቶ በአፋር በረሃ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ሱሉልታ ከአዲስ አበባ እጅግ ቅርብ ብትሆንም ውኃዋ ወደ ሌላ ዓለም የሚሄድ ነው።

አካባቢው የቱለማ ኦሮሞ አገር እንደመሆኑ መጠን የቦታ ስሞቹ አብዛኛዎቹ በኦሮምኛ የወጡ ናቸው። ስሞቹን በጥንቃቄ ለተመለከተ ሰው ደግሞ ከማናቸውም የቅየሳ ሰነድ በፊት የተዘጋጀ የመሬት ካርታ ሆነው ያገኛቸዋል። «ለገ» ወንዝ ማለት ሲሆን፣ ለገጣፎና ለገዳዲ ስማቸውን ያገኙት ከወንዞቻቸው ነው። «ቱሉ» ኮረብታ ነው፤ «ጨፌ» ውኃ የሚተኛበት መስክ ነው፤ «መልካ» ደግሞ የወንዝ መሻገሪያ ነው። እንግዲህ ገበሬው ለአንድ ቦታ «መልካ» የሚል ስም ሲያወጣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚጠልቅና በየት እንደሚሻገር፣ «ጨፌ» ሲልም በክረምት ከብትም ሰውም እንደማያልፍበት ለትውልድ መመዝገቡ ነበር። ይህን መዝገብ ሳያነብ በጨፌ ላይ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ በየዓመቱ ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብ የስሙን ትርጉም ያስተምረዋል።

ከስሞቹ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት አፈሩ ነው። የሱሉልታ ሜዳም ሆነ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ የተዘረጋው ምድር በአብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የተሸከመውንም ነገር ያነሣል፣ ይጥላልም። የዛሬ መሐንዲስ ይህን አፈር ቆፍሮ በማንሣት በገረጋንቲ ይተካዋል፤ ወይም በላዩ ላይ ከፍ ያለ ሙሌት ያደርጋል። የጥንቱ መንገደኛ ግን መሣሪያም ገንዘብም ስላልነበረው ከመረሬው የሚያመልጠው ዞሮ በመሄድ ነበር። የድሮ የእግር መንገዶች ከሜዳው ይልቅ ተረተሩንና ድንጋያማውን ጠርዝ እየተከተሉ የሚጠማዘዙት ከዚህ የተነሣ ነው።

በበቅሎና በአጋሰስ ዘመን

ሞተር ከመምጣቱ በፊት በዚህ አገር የጉዞን ጊዜ የሚወስነው ሰማዩ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ፣ መረሬው ይረግጣል፣ ሲራራ ነጋዴም ጭነቱን አውርዶ መስቀል እስኪጠባ ድረስ ይቀመጣል። መንገድ የሚከፈተው አደይ ሲፈነዳና ወንዙ ሲጐድል ነው። መኳንንቱ በሰጋር በቅሎ፣ ጭነቱ በአጋሰስና በአህያ፣ ድኻው በእግሩ ይጓዛል። ሁሉም ስንቁን ይይዛል፤ የመሸበት ቦታ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ያድራል።

የጭነት ከብት በቀን ሊጓዘው የሚችለው ርቀት ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዋና ከተማው ዙሪያ ከተሞች ከመሐል ከተማ ያላቸው ርቀት ሲታይ ቡራዩ ወደ ዐሥራ አምስት፣ ለገጣፎ ወደ ሃያ፣ ሱሉልታና ሰበታ ወደ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ይህ መቀራረብ በአጋጣሚ ብቻ የተገኘ አይመስልም። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ በማግሥቱ ገበያ በጧት ለመግባት የሚያድርበት፣ ከከተማም የወጣ መንገደኛ ከብቱን የሚያሳርፍበት ቦታ በግምት በዚህ ርቀት ላይ መገኘት ነበረበትና። በከተማው መግቢያ ደግሞ ኬላ ነበር። ነጋድራሱ ቀረጥ የሚያስከፍልበት ያ የጥንት ኬላ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙ እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ ይገኛል።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን እንቅስቃሴ ወደ አንድ መሐል ብቻ የሚያመራ አልነበረም። የገጠሩ ሰው ገበያ የሚውለው በየቀኑ በተለያየ ቦታ ስለነበረ፣ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው፣ ከአማች ወደ አማች የሚያደርሱ አግድም መንገዶች ነበሩት። እነዚህ መንገዶች አሠሪም ስምም የላቸውም፤ ያወጣቸው እግር ነው። በካርታ ላይ ስላልሠፈሩ ግን የኋላው ዘመን መሐንዲስ እንደሌሉ ቈጠራቸው።

የምዕራቡ በር፦ ቡራዩና የአዲስ ዓለም መንገድ

ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው በየጊዜው ከተማቸውን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ እያሻገሩ፣ በመጨረሻ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፊንፊኔ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. መቈርቈሯ የታወቀ ነው። እንጦጦ ለመከላከያ የሚመች ቢሆንም ብርድና የውኃ ችግር የነበረበት ቦታ ነበር። አዲሱ ከተማ ግን ብዙም ሳይቈይ ሌላ ችግር ገጠመው፤ እርሱም የማገዶና የሕንፃ እንጨት ማለቅ ነው። በዙሪያው የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመንጥሮ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ።

ከዚህ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ደን ወደሚገኝበት ወደ ምዕራብ ለማዛወር አስበው፣ ከአዲስ አበባ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በኤጀሬ አዲስ ዓለምን አቋቋሙ፤ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀመሩ። ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት በ1890ዎቹ አጋማሽ በኢጣልያውያን ባለሙያዎች መሪነት የተሠራው መንገድ በአገሪቱ በዘመናዊ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ከውጭ አገር ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መኪና የአዲስ አበባን ሕዝብ እጅግ አስደንቆ «የሰርኪስ ባቡር» የሚል ስም አትርፏል።

መንገዱ ተሠራ፤ ዋና ከተማው ግን ሳይዛወር ቀረ። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ይሰጣሉ። አንደኛው የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ሕንፃ ሠርተው ስለነበረ መዛወሩን አለመውደዳቸው ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ሥር ያለው ምክንያት በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ተቈርጦም እንደገና የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ የከተማውን የእንጨት ረኀብ አስታገሠ። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ለቤተ ክርስቲያን ዋለ፤ ዛሬም ጐብኚ የሚያየው የአዲስ ዓለም ማርያም ደብር ይህ ነው። አንድ ዛፍ የአንድን አገር ዋና ከተማ ባለበት አጸናው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህም ዋጋ አለው፤ የእንጦጦን ዳገት እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ይህን ዋጋ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

በዚህ በር የሚወጣ ጐብኚ ቡራዩን እንዳለፈ በስተቀኙ የገፈርሳን የውኃ ማጠራቀሚያ ያገኛል። በ1930ዎቹ የተሠራውና በኋላም እየተሻሻለ የመጣው ይህ ግድብ የትንሹን አቃቂ ውኃ አግቶ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያው ትልቅ የቧንቧ ውኃ ምንጭ ሆኗል። ከዚያ በፊት የከተማው የቧንቧ ውኃ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሳበው መስመር ነበር። በገፈርሳ ላይ ቆሞ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው የመንገዱና የቧንቧው አቅጣጫ አንድ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል፤ ሁለቱም ከገጠሩ ወደ መሐል ከተማው ያመራሉ።

የሰሜኑ በር፦ ሱሉልታና የጎጃም መንገድ

የሰሜኑ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው እንጦጦን ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም በሸንተረሩ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲወረድ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። በክረምት ውኃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ በጥቅምትና በኅዳር የድርቆሽ አገር ነው፤ አዲስ አበባን ለረጅም ዘመን ወተት ያጠጣትና ከብቶቿን የመገበው በአብዛኛው ይህ ሣር ነው። አካባቢውን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሣሩ ታጭዶ በክምር በሚቆምበት ወራት ቢሄድ ይመረጣል።

ከሱሉልታ በጫንጮና በሙከ ጡሪ አድርጎ የሚሄደው መንገድ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል። በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ይህ ገዳም ለዘመናት የሸዋ የመንፈሳዊ ጉዞ ማዕከል ነበር። ብዙ ምእመናን በእግራቸው የወጡበትና የወረዱበት መንገድ ስለሆነ ከመኪናው መንገድ ይልቅ እጅግ የቈየ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የገዳሙን መነኮሳትና ለበዓል የመጡትን ምእመናን የፈጀው በዚህ ስፍራ ነው።

ከገዳሙ አጠገብ ካለው ገደል አፋፍ ሕዝቡ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። ስሙ እንዲህ ቢሆንም አሠሪው በሰላሌ ገዥ የነበሩት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ራስ ዳርጌ መሆናቸው ይነገራል። ድልድዩ ጥርብ ድንጋይ በቅስት ተደርድሮ በኖራ የተያያዘ ነው። ብረትም ሲሚንቶም ያልገባበት፣ ጭነቱን ሁሉ በመተቃቀፍ ብቻ ወደ ዳርቻው አለት የሚያስተላልፍ ሥራ ነው። የድልድዩ ክብር ለባዕዳን መሰጠቱ ለሙያው ሰዎች ሊያሳስብ ይገባል፤ ሥራን ያልመዘገበ አገር ሥራውን በሌላ ስም ሲጠራ ይኖራልና። ከዚህ አልፎ የሚሄደው መንገድ የዐባይን በረሃ ይወርዳል። በዚያም በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ በአሮጌው አጠገብ ቆሞ ይታያል።

የምሥራቁ በር፦ ለገጣፎና የደሴ መንገድ

የምሥራቁ መንገድ ከሁሉ ይልቅ የነገሥታት መንገድ ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ በገደሉ አፋፍ ትገኛለች። ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. ገደማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የተቀመጠው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን መሪ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በሙያው የቦምቤይ ጦር መሐንዲስ ነበረ። እርሱም በኋላ ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ስለ አገሩ መልክና ስለ ጉዞው ድካም በሰፊው ጽፏል። የሸዋ መንግሥት ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ፊንፊኔ የመጣበት አቅጣጫ በግምት ዛሬ የደሴ አስፋልት የሚሄድበት ነው።

ከአዲስ አበባ ሲወጣ በየካ ተራራ ላይ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። በመካከለኛው ዘመን እንደተሠራ የሚገመተው ይህ ቤተ ክርስቲያን አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአካባቢው የድንጋይ ጥበብ እንደነበረ ምስክር ነው። ቀጥሎ ለገጣፎ፣ ከዚያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ይመጣል። የገፈርሳ ውኃ ለሚያድገው ከተማ ባለመብቃቱ የተሠራው ለገዳዲ ከማጣሪያ ጣቢያው ጋር ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ዋነኛ የውኃ ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። እዚህም እንደ ገፈርሳው ሁሉ ውኃው የሚታገተው በገበሬው ሜዳ፣ የሚጠጣው ደግሞ በከተማው ነው።

መንገዱ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፎ በ130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ በላይ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው የመንገድ ዋሻ አለ፤ የተሠራው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ከደጋው ወደ ቈላው ገደሉን ለመውረድ የጥንት ሲራራ ነጋዴ ብዙ ሰዓት ይፈጅበት የነበረውን መንገድ ዋሻው በጥቂት ደቂቃ አሳጥሮታል።

የደቡብ ምዕራቡ በር፦ ሰበታና የጅማ መንገድ

የሰበታ መንገድ የቡና መንገድ ነው። ከጅማና ከከፋ የሚመጣው ቡና በአጋሰስ ዘመንም ሆነ በመኪና ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው በዚህ አቅጣጫ ሲሆን፣ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የመንገዱ ጥቅም ይበልጥ ጨምሯል። ሰበታ ከመድረሱ በፊት የሚገኘው ዓለም ገና ለሙያው ሰዎች የታወቀ ስፍራ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ አምስት ሚሊዮን ዶላር ብድር በጦርነትና በጥገና እጦት የፈራረሱትን መንገዶች ማደስ ሲጀምር፣ ዓለም ገና የመንገድ መሣሪያ ሠራተኞችና ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበት ቦታ ሆነ። የዛሬ መንገዶቻችንን የሠሩት ብዙ እጆች ሞያቸውን የተማሩት በዚያ ነው።

ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ገጽ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን በጥቂት ዓመታት ሲመነጠር ይህ ደን እስከ ዛሬ መቈየቱ፣ ዛፍ የሚጠፋው በመጥረቢያ ብቻ ሳይሆን ጠባቂ በማጣት ጭምር መሆኑን ያስረዳል።

ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ አዋሽን የሚሻገረው በመልካ ቁንጡሬ ነው። የቦታው ስም «መልካ» መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት መሻገሪያው ነበረና። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጄራርድ ደከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ሀብት ባለሙያ ወንዙን ሲያጠና የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎችን በዚህ ስፍራ አገኘ። ውኃ ሊለካ የሄደ ባለሙያ የሰው ዘርን ታሪክ ይዞ ተመለሰ። መልካ ቁንጡሬ ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚሁ መንገድ አቅጣጫ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምና በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። አንድ ጐብኚ በማለዳ ተነሥቶ ሦስቱንም በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይችላል።

ያልተሠራው ቀለበት

ከዚህ በላይ የተጐበኙት አራት በሮች የተከፈቱት በተለያየ ዘመንና በተለያየ ዓላማ ነው፤ አንዱ ለእንጨት፣ አንዱ ለገዳም፣ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለቡና። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቈየው የወረራ ዘመን መንገዶቹን ወታደራዊ አደረጋቸው። ጠላት ጦሩን ከዋና ከተማው ወደ አራቱ ማዕዘን ፈጥኖ ለመላክ በመፈለጉ፣ የቀየሳቸው አውራ ጎዳናዎች እንደ መንኰራኵር ዘንግ ሁሉ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ዳር የሚሄዱ ሆኑ። ዘንጎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የዳር ቀለበት ግን አልተሠራም። ከነጻነት በኋላም በገንዘብ እጥረት የተነሣ ቅድሚያ የተሰጠው ያሉትን ለማደስና ወደ ክፍለ አገሩ ለማራዘም ነበር።

የዳር ቀለበት አለመኖር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ አንድ ታላቅ የታሪክ ምሳሌ አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ገሠገሡ። የደጃዝማች አበራ ካሣና የወንድማቸው የአስፋወሰን ካሣ ጦር ከፍቼ በሰሜኑ በኩል፣ የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ጦር በምሥራቅ በኩል መጣ፤ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ጦር በደቡብ በኩል ዘግይቶ ደረሰ። ከጀግንነት የጐደለ ነገር አልነበረም፤ ከአርበኞቹ ከፊሉ እስከ ከተማው መሐል ዘልቋል። ይሁን እንጂ ወሩ ክረምት ነበር፤ በጦሮቹ መካከል ቶሎ መልእክት የሚያደርስ መገናኛ አልነበረም። ሁሉም በየበሩ ለየብቻው ገብቶ ለየብቻው ተመለሰ። በማግሥቱ አቡነ ጴጥሮስ በጠላት ጥይት ተገደሉ። በመሐል የተቀመጠው ጠላት ኀይሉን ካንዱ በር ወደ ሌላው በደቂቃዎች ሲያዛውር፣ በዳር ያሉት ወገኖች ግን እርስ በርሳቸው መገናኛ አልነበራቸውም።

በሰላሙም ዘመን ቢሆን ነገሩ በሌላ መልክ ቀጠለ። የሱሉልታ ወተት ለገጣፎ ለመድረስ፣ የሰበታ አትክልት ቡራዩ ለመግባት በመሐል ከተማ መጨናነቅ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። በ1990ዎቹ የተሠራው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ለከተማው ትልቅ እፎይታ ቢሰጥም፣ ያያያዘው የከተማውን ሰፈሮች እንጂ የዙሪያውን ከተሞች አልነበረም። ከዚህ ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ ያለው ትልቅ ሥራ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይህ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መስመር የሚነሣው ከሰበታ ሲሆን፣ ወደ ከተማው መሐል ሳይገባ በደቡብ ዳር ለቡንና እንዶዴን ይዞ ያልፋል። አሮጌው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ለገሃር መሐል ድረስ ገብቶ እንደነበረ ሲታሰብ፣ ባለ 1,435 ሚሊ ሜትሩ አዲስ ሐዲድ በዳር ማለፉ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው።

የአስተሳሰብ ለውጡ ግን በሐዲድና በአስፋልት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ማስተር ፕላን ለማያያዝ የታቀደው ዕቅድ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶበታል፤ በጥር 2008 ዓ.ም.ም ተሰርዟል። ተቃውሞው የመነጨው ከመሬቱ እነሣለሁ፣ ስሜና ቋንቋዬ ይጠፋል ከሚል ሥጋት ነበር። በንድፍ ወረቀት ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ቦታ በእውነቱ የአንድ ሰው እርሻ፣ የመቃብር ስፍራ፣ የከብት ውኃ መውረጃና ወደ አማቱ ቤት መሄጃ ነው። ከዚያ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ለገጣፎን፣ ሱሉልታን፣ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሌሎችንም በአንድ አስተዳደር ያሰባሰበው ሸገር ከተማ ተቋቁሟል። ስለዚህ በዋና ከተማው ዙሪያ እንደ ቀለበት የተቀመጡት ከተሞች በስም አንድ ከተማ ሆነዋል። አንድ አስተዳደር የሆኑት ከተሞች እርስ በርሳቸው በቀላሉ እንዲደራረሱ ማድረግ ከእንግዲህ የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

የቀረው ሥራ

ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆን ሀብት ከእጅ እያመለጠ ነው። በየወንዙ ላይ ያሉ ትንንሽ የድንጋይ ድልድዮች፣ የቀድሞ ኬላዎች ፍራሽ፣ በወረራው ዘመን የቆሙ የኪሎ ሜትር ድንጋዮችና ሁሉንም የሚቀድሙት የገበያ እግር መንገዶች በየዓመቱ በአዲስ ሕንፃና በአዲስ ሙሌት ሥር ይቀበራሉ። አንድ ድልድይ ሲፈርስ የሚጠፋው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ወንዙ በመቶ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሞላ ያ ድልድይ ቆሞ ያረጋገጠው ዕውቀት አብሮ ይጠፋል። የውኃ መጠን መለኪያ ጣቢያ በሌለበት ወንዝ ላይ ከዘመን ብዛት ያልፈረሰ ድልድይ ከማናቸውም ስሌት የሚታመን ምስክር ነው።

በመሆኑም የሙያው ማኅበርተኞችና ተማሪዎቻቸው በየአካባቢያቸው ያሉትን እነዚህን ሥራዎች ቢለኩ፣ ንድፋቸውን ቢያነሡ፣ ከሽማግሌዎችም ዘንድ የቦታዎቹን ስምና ትርጉም፣ የድሮ መሻገሪያዎችንና የገበያ መንገዶችን ጠይቀው ቢመዘግቡ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። ቴፕ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና ክረምት ያለፈበት ጥቂት የእረፍት ቀን ይበቃሉ። የሚገኘው ሰነድ ለታሪክ ጸሐፊው ቅርስ፣ ለቀያሹ ደግሞ የመጀመሪያ ካርታ ይሆነዋል። ሰው ለዘመናት የሄደበት አግድም መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከጨፌ የራቀ፣ በመልካ የሚሻገር፣ ከተረተሩም የማይወርድ ነውና።

ለገጣፎ ያለው ሰው ዛሬም ሱሉልታ ዘመድ አለው። አያቱ ይህን ዘመድ ለመጠየቅ በበቅሎ ሲነሣ በመሐል ከተማው አላለፈም፤ ሸንተረሩን ተከትሎ ከጧት እስከ ቀትር ተጉዞ ይደርስ ነበር። ያ መንገድ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ። ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።